በ«ሌላ» ረድፍ የጠፋው መልስ፦ የወባ ግንዛቤ መጠይቆች ከቡሬ እስከ ደገሀቡር

ኅብረተሰቡ ስለ ወባ ያለውን ግንዛቤ ለመለካት በኢትዮጵያ የሚካሄዱ ጥናቶች ባለፉት ሠላሳ ዓመታት እጅግ በዝተዋል። «ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር» በሚል ስያሜ የሚታወቁት እነዚህ ጥናቶች፣ ከተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ጀምሮ በታወቁ የሕክምና መጽሔቶች እስከ ታተሙት ድረስ፣ መልካቸው ተመሳሳይ ነው። ለተጠያቂው «ወባ በምን ይመጣል?» የሚል ጥያቄ ይቀርብለታል። «በወባ ትንኝ ንክሻ» ብሎ የመለሰ ዐዋቂ ተብሎ ይመዘገባል። ከረሀብ፣ ከቆሻሻ ውኃ፣ ከፀሐይ ሐሩር፣ ከብርድ ወይም የበቆሎ አገዳ ከመምጠጥ ይመጣል ያለው ግን «የተሳሳተ ግንዛቤ» በሚል ይቆጠራል። ከሁለቱም ያልሆነ መልስ «ሌላ» በሚለው ረድፍ ይገባል። የጥናቱ መደምደሚያም ገና መጠይቁ ሳይበተን የታወቀ ያህል ነው፤ የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ዝቅተኛ ስለሆነ የጤና ትምህርቱ ተጠናክሮ ይቀጥል የሚል ነው።

እነዚህ ጥናቶች ጥቅም የላቸውም ማለት አይቻልም። አጎበር ማን እንደሚጠቀም፣ ማን ትኩሳት በጀመረው በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ድርጅት እንደሚሄድ፣ ማን ደግሞ ከገበያ ክኒን ገዝቶ እንደሚውጥ የታወቀው በአመዛኙ በእነርሱ ነው። ሆኖም መጠይቁ በእርግጥ የሚለካው ምን እንደሆነ ሲመረመር አንድ ጉድለት ጎልቶ ይታያል። መጠይቁ የሚለካው ተጠያቂው ከጤና ባለሙያው የሰማውን ትምህርት ምን ያህል እንደያዘ ነው። ትምህርቱ ራሱ ለዚያ ስፍራ የሚስማማ መሆን አለመሆኑን አይለካም። ይህ ጉድለት በደጋውና በወይና ደጋው ጥናቶች ውስጥ ተሸፍኖ ኖሯል። በሶማሌ ክልል ከተሞች፣ በተለይም እንደ ደገሀቡር ባሉት፣ ግን ሊሸፈን በማይችልበት ደረጃ ላይ ደርሷል።

አንድ ገበሬ ስለ በሽታ መነሻ ሲናገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ነገሮችን ያጣምራል። አንደኛው ምልከታ ነው፤ በሽታው መቼ፣ የት፣ ከምን ጋር አብሮ እንደሚታይ። ሁለተኛው ማብራሪያ ነው፤ ያ ነገር በሽታውን እንዴት እንደሚያመጣ። የደጋ ሰው «ቆላ የወረደ ንዳድ ይይዘዋል» ሲል ምልከታው የብዙ ትውልድ ልምድ የፈተነው ነው። ቀን ወደ ቆላ ወርዶ አርሶ ማታ ወደ አምባው ተመልሶ የማደር ልማድ ከዚህ ምልከታ ጋር የተያያዘ ነው፤ ትንኟ በአመዛኙ በሌሊት የምትነክስ በመሆኗም ልማዱ በእርግጥ ይከላከል ነበር። ማብራሪያው ግን ሙቀቱ ነው፣ ነፋሱ ነው፣ ሽታው ነው ሊባል ይችላል። በዚህ ረገድ የደጋው ገበሬ ብቻውን አይደለም፤ «ማላሪያ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣና «መጥፎ አየር» ማለት ሲሆን፣ የአውሮፓ ሐኪሞችም እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ የሚያምኑት ይህንኑ ነበር። መጠይቁ ግን ምልከታውንና ማብራሪያውን ለይቶ አይጽፍም። ማብራሪያው ስሕተት ከሆነ ምልከታውም አብሮ ይጣላል።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የበቆሎው ጉዳይ ነው። በጎጃም፣ በቡሬ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነስቶ ነበር። ቡሬ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው አካባቢ ነው፤ ለረጅም ዓመታት ወባማ የሆነውንና ያልሆነውን ቦታ ሲለይ የኖረው መስመርም የሚያልፈው በዚሁ ከፍታ ላይ ነው። በአካባቢው በቆሎ በስፋት መዘራት የጀመረው ከወረርሽኙ በፊት በነበሩት ዓመታት ሲሆን፣ ከተሠራጩት ዝርያዎች ዋነኛው ዘግይቶ የሚደርሰው ዲቃላ፣ ቢኤች 660፣ ነበር። በቆሎና ወባ ግንኙነት አላቸው የሚለው አባባል በብዙ የአገሪቱ ክፍሎች ሲነገር የኖረ ሲሆን፣ በመጠይቆቹ ላይ ሲሰፍር የኖረው በስሕተት ረድፍ ነው።

ነገር ግን የሩብ ምዕተ ዓመት ዕድሜ ያለው ምርምር አባባሉን በሌላ ዓይን እንዲታይ አስገድዷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ይልማ የኢቢዮና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት፣ የአኖፊለስ አረቢየንሲስ ዕጮች የበቆሎ አበባ ብናኝ ሲመገቡ በፍጥነትና በደኅና ቁመና እንደሚያድጉ አሳየ። ከበቆሎው ራስ ላይ የሚረግፈው ብናኝ በአጠገቡ ባለው ኩሬ ላይ ያርፋል፤ ዕጯ ትመገበዋለች። ዘግይቶ የሚያብበው ዲቃላ ደግሞ አበባውን የሚያወጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ትናንሽ ኩሬዎች በየማሳው ዳር በሚገኙበት ወቅት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን የተሳተፉበት የቡሬ ጥናት ታተመ፤ በቆሎ በብዛት የሚዘራባቸው አካባቢዎች በቆሎ ከሚያንስባቸው ይልቅ እጅግ ከፍ ያለ የወባ ሕመም እንዳለባቸውም አመለከተ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ግኝት «ገበሬው ልክ ነበር፤ ሐኪሙ ተሳሳተ» የሚል ቀላል ድል ተደርጎ ሲጠቀስ ይሰማል። እንዲህ አይደለም። አገዳ የመጠጠ ልጅ በአገዳው ምክንያት ወባ አይዘውም፤ አገዳው የሚጣፍጥበትና ትንኟ የምትበዛበት ወቅት አንድ ስለሆነ ነው ሁለቱ የተገናኙት። ልጇን አገዳ እንዳይመጥ ከልክላ አጎበሩን ያልዘረጋች እናት ልጇን አላዳነችም። ስለዚህ ማብራሪያው መታረም አለበት። በምልከታው ላይ ግን ባለሙያው ከገበሬው ወደኋላ የቀረው በብዙ ዓመታት ነው። «ከበቆሎ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ኖሮ ቢሆን ኖሮ ምርምሩ ቀደም ብሎ ሊጀመር ይችል ነበር። መጠይቁ ግን ይህን ጥያቄ የሚያስተናግድ ቦታ አልነበረውም።

በትግራይ የተካሄደው ጥናትም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1999 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመው የቴድሮስ አድኃኖምና የባልደረቦቻቸው ሥራ፣ ለመስኖ በተሠሩ አነስተኛ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ ሰባት እጥፍ ያህል በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። ጥናቱ የተካሄደባቸው መንደሮች ከ1,800 እስከ 2,225 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ግድቦቹ የተሠሩት ድርቅንና ረሀብን ለመከላከል ነው፤ ዓላማቸው የሚነቀፍ አይደለም። በዚህ ጥናት ሊተኮርበት የሚገባው ግን ጥያቄው የቀረበበት መንገድ ነው። አጥኚዎቹ የተነሡት «ሕዝቡ ምን ያውቃል?» ከሚል ጥያቄ አልነበረም፤ «በዚህ ስፍራ ምን ተለወጠ?» ከሚል እንጂ። ለዚህም ነው ሥራቸው ዛሬም የሚጠቀሰው፣ በዚያው ዘመን የተሠሩ በርካታ የግንዛቤ ጥናቶች ግን የተረሱት።

ከፍታን እንደ ቋሚ አጥር ማየትም በሕዝቡ ዘንድ ብቻ የሚገኝ እምነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሳው ታላቅ ወረርሽኝ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባሉ አካባቢዎች ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደገደለ ተገምቷል። ከዚያ በኋላም ቢሆን የ2,000 ሜትሩ መስመር በባለሙያው አእምሮ እንደ ግንብ ቆሞ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ፣ የደብረ ዘይትን አካባቢ የበርካታ ዓመታት መረጃ የመረመረ ጥናት ደግሞ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ አሳይቷል። ገበሬው «ወባ የቆላ ነው» ሲል ስሕተት ይባላል፤ መመሪያው «ከ2,000 ሜትር በታች ነው» ሲል ግን ዕውቀት ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሜትር ቁጥር መጨመሩ ብቻ ነው።

ከደጋው ወደ ሶማሌ አገር ሲወረድ በወባ ታሪክ ውስጥ በቂ ትኩረት ያላገኘ አንድ ጉዳይ ይገኛል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1854 ከዘይላ ተነሥቶ፣ ማራር የሚባለውን ሰፊ የግጦሽ ሜዳ አቋርጦ፣ በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ሐረር ገባ። እ.ኤ.አ. በ1856 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ የአገሩ ሰዎች የቢንቢ ንክሻ ገዳይ ትኩሳት ያመጣል እንደሚሉ ጽፏል። በርተን ግን አላመናቸውም። ቢንቢና ትኩሳት በአንድ ወቅት ስለሚበዙ የተፈጠረ አጉል እምነት መሆን አለበት ብሎ አለፈው። ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር የወባን ተሐዋስ በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1897 ነው፤ በርተን መጽሐፉን ካሳተመ ከ41 ዓመት በኋላ።

ይህ የቡሬው ታሪክ ግልባጭ ነው። በቡሬ ምልከታው ትክክል፣ ማብራሪያው ስሕተት ነበር። በሶማሌ አገር ምልከታውም ማብራሪያውም ትክክል ነበሩ፤ ሰሚው ግን ትክክለኛውን ማብራሪያ «የወቅት መገጣጠም ነው» ብሎ ጣለው። በርተን ዛሬ መጠይቅ ቢያዘጋጅ ኖሮ «ቢንቢ ነው» የሚለውን መልስ በስሕተት ረድፍ ይጽፈው እንደነበር አያጠራጥርም። በሶማሌ ክልል የጤና ትምህርት ሲሰጥ ይህ ታሪክ ቢነሣ ለአድማጩም ለአስተማሪውም የሚበጅ ነበር። አርብቶ አደሩ ስለ ወባ ከዜሮ የሚጀምር ተማሪ ተደርጎ በሚቀርብባቸው ጽሑፎች ውስጥ ግን አይገኝም።

ደገሀቡር ከጅጅጋ በስተደቡብ፣ ወደ ቀብሪደሀርና ወደ ጎዴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጀረር ሸለቆ ውስጥ ትገኛለች። ከፍታዋ ከ1,000 ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ጅጅጋ ግን ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። በከፍታው ሕግ መሠረት ደገሀቡር ቆላ ናት፤ ስለዚህ ወባማ ናት። ይሁን እንጂ የደገሀቡር ቆላነት እንደ ጋምቤላ ቆላነት አይደለም። ረግረግ የለም፤ ወንዙም ዓመቱን ሙሉ አይፈስም። በዚህ ደረቅ አገር ሰው የሚኖረው ውኃ በማጠራቀም ነው። የዝናብ ጎርፍ የሚገባበት በሲሚንቶ የተለሰነ ቢርካ፣ በጓሮ የተቀመጠ በርሜል፣ በቆጥ ላይ የተሰቀለ ሮቶ፣ ለግንባታ ሥራ የተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ፣ በየቤቱ የተደረደረ ጀሪካን፤ ዝናቡ ሲጠፋም በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ውኃ።

እንግዲህ በአገሪቱ ሁሉ የሚነገረውን የጤና ትምህርት ወደዚህ ማምጣት ምን እንደሚሆን መገመት ይቻላል። «ያቆረ ውኃን ማፋሰስና ማዳፈን» የሚለው መልእክት በደጋውና በወይና ደጋው ትርጉም አለው፤ ያቆረ ውኃ ማለት በመንገድ ዳርና በማሳ ውስጥ የተኛ፣ ማንም የማይፈልገው ውኃ ነው። በደገሀቡር ግን ያቆረ ውኃ ማለት ቤተሰቡ የሚጠጣው ውኃ ነው። ትምህርቱ እንደ ቃሉ ከተወሰደ «የምትጠጡትን አፍስሱ» ማለት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ምክር የሚሰማ ሰው የለም፤ የሚነቅፈውም የለም፤ በጨዋነት አዳምጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በመጠይቁ ላይ ሲጠየቅ ደግሞ «ያቆረ ውኃ ማፋሰስ» ብሎ በትክክል ይመልሳል። መዝጋቢው «ያውቃል» ብሎ ያሰፍራል። ውኃው ግን በበርሜሉ እንዳለ ነው።

ጉዳዩን አሳሳቢ ያደረገው ደግሞ የአዲሲቱ ትንኝ መምጣት ነው። በእስያ የምትታወቀው አኖፊለስ ስቴፈንሲ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 በዚሁ ክልል፣ በቀብሪደሀር፣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከተሞች በተደረገው ቅኝት በሰፊው ተሠራጭታ ተገኘች፤ ደገሀቡርና ጅጅጋም ከእነዚህ ከተሞች መካከል ናቸው። ከነባሮቹ የወባ አስተላላፊዎች የምትለየው በከተማ፣ ሰው ባዘጋጀው የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ መራባት በመቻሏ ነው። የእርሷ ቤት ቆሻሻ ኩሬ አይደለም፤ ንጹሑ በርሜልና ንጹሑ ቢርካ ነው። ሮስ እ.ኤ.አ. በ1897 ተሐዋሱን ያገኘባት ትንኝም ይህችው ዝርያ ሳትሆን እንደማትቀር ይገመታል። በርተን የናቀው የሶማሌዎች ቃል በሳይንስ የተረጋገጠባት ትንኝ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ ወደዚሁ አገር መጣች ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያውም ከጎረቤት ቀድሞ ደርሶ ነበር። በጂቡቲ ትንኟ እ.ኤ.አ. በ2012 ስትገኝ በዓመቱ የተመዘገበው የወባ ሕሙማን ቁጥር 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ከ73,000 በላይ ደረሰ። በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2022 የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ከ2,400 በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ በ2019 የነበሩት 205 ነበሩ። የድሬዳዋው ወረርሽኝ የተነሳው በደረቁ ወቅት ነው። በምርመራው ከተገኙት ጎልማሳ አኖፊለስ ትንኞች እጅግ የሚበዙት ስቴፈንሲ ነበሩ፤ በሽታውም በቤታቸው አጠገብ የትንኟ መራቢያ ውኃ ከተገኘባቸው ሰዎች ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል።

«ደረቅ ወቅት» የሚለው ቃል በጤና ባለሙያው ዘንድ ትልቅ ስሕተት ሊያስከትል ይችላል። የወባ ዋነኛ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው የሚለው የሥልጠና ሰነዶች ትምህርት የክረምት ዝናብ ያለው አገር የዘመን መቁጠሪያ ነው። በደገሀቡር ዋናዎቹ ዝናቦች በመጋቢት መጨረሻ ገደማ የሚጀምረው ጉ እና የመከሩ ዴይር ሲሆኑ፣ ከዴይር በኋላ ጉ እስኪጀምር ያለው ጂላል የተባለው ረጅሙ በጋ ነው። ሰው ውኃን ከሁሉ ይልቅ አጠራቅሞ የሚይዘው በዚሁ በጂላል ነው። በጂላል ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ የመጣ ሕፃን «ወቅቱ የወባ አይደለም» ተብሎ ያለ ደም ምርመራ ቢመለስ፣ የተሳሳተ ግንዛቤ ያለው ማን ነው? ይህን የሚመዘግብ መጠይቅ እስካሁን በስፋት አልተለመደም፤ የሚጠየቀው ሁልጊዜ እናትየዋ ናት።

በተቃራኒውም ትኩሳትን ሁሉ ወባ ማለት አይገባም። የዴንጊ ትኩሳት እ.ኤ.አ. በ2013 በድሬዳዋ፣ ቺኩንጉንያም በ2019 በዚያው ከተማ በወረርሽኝ መልክ ተከስተዋል። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ የምትራባው ስቴፈንሲ በምትራባባቸው በርሜሎችና ማጠራቀሚያዎች ነው፤ የምትነክሰው ግን በቀን ነው። የአንድ በርሜል ክዳን ለሦስት በሽታዎች ይጠቅማል ማለት ነው። ይህ ለአንዲት እናት በደቂቃ ውስጥ ሊነገር የሚችል፣ ደግሞም በቤቷ ልታደርገው የምትችለው ነገር ነው። በመደበኛው የወባ መጠይቅ ውስጥ ግን «የውኃ ማጠራቀሚያ ክዳን አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ ማግኘት ብርቅ ነው። አጎበር አለ ወይ፣ ቤቱ ተረጭቷል ወይ ይባላል። ስቴፈንሲ በኢትዮጵያ በተደረጉ ፍተሻዎች ለቤት ውስጥ ርጭትና ለአጎበር የሚውሉትን በርካታ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች የተቋቋመች ሆና ተገኝታለች፤ በዕጭነቷ ግን ለቴሜፎስ ትሸነፋለች። እንግዲህ መጠይቁ የሚጠይቀው ትንኟ ስለምትቋቋመው ነገር ሲሆን፣ ስለምትሸነፍበት ነገር አይጠይቅም።

የቋንቋው ጉዳይ ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። መጠይቁ በእንግሊዝኛ ይረቀቃል፤ ወደ አማርኛ ይተረጎማል፤ በሶማሌ ክልልም ብዙ ጊዜ ጠያቂው በቃል ወደ ሶማሊኛ ይመልሰዋል። በመጀመሪያው ትርጉም ላይ እንኳ ችግር አለ። «ትንኝ» በአማርኛ ማናቸውንም ጥቃቅን በራሪ ነፍሳት ሊያመለክት ይችላል፤ በፍሬ ዙሪያ የምታንዣብበውም ትንኝ ናት። የሚነክሰውን ለመለየት ብዙው ሰው ቢንቢ ይላል። በሶማሊኛ ከኔዖ ቢንቢን፣ ዱሞ ወባን፣ ቀንዶ ትኩሳትን ያመለክታሉ። ጠያቂው በጥድፊያ ዱሞን በቀንዶ ቢተካ መልሱ ስለ ትኩሳት ሁሉ ይሆናል፤ ትኩሳት ከብርድም፣ ከድካምም፣ ከቁስልም ሊመጣ ስለሚችል ተጠያቂው ትክክል ነው። በሰንጠረዡ ግን ስለ ወባ የተሳሳተ ግንዛቤ ያለው ሆኖ ይታያል። «በቃሉ ትርጉም ላይ ከተጠያቂዎች ጋር አስቀድሞ ውይይት ተደርጓል» የሚል አንድ መስመር በዘዴው ክፍል ውስጥ የሌለበት ጥናት፣ ውጤቱ በመቶኛ ተሰልቶ እስከ ነጥብ ቢደርስም፣ ጥርጣሬ ሊያድርበት ይገባል።

ቢርካውን ምን ማድረግ ይቻላል? በዚህ ረገድ የቦምቤይ ከተማ ታሪክ ጠቃሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ዶክተር ቻርለስ ቤንትሊ ባቀረበው የምርመራ ዘገባ፣ በከተማዪቱ የወባ ምንጭ በየግቢው ያሉት የውኃ ጉድጓዶች መሆናቸውን አሳየ፤ ትንኟም ይህችው ስቴፈንሲ ነበረች። የከተማው አስተዳደር ጉድጓዶቹ እንዲዘጉ ሲያስገድድ ፓርሲዎችና ሂንዱዎች ተቃወሙ፤ ጉድጓዱ ለሃይማኖታዊ ሥርዓታቸው አስፈላጊ ነበርና። ተቃውሞው በወቅቱ በነበሩ ባለሥልጣናት ዘንድ እንደ አላዋቂነት ተቆጥሮ ነበር። ነገሩ መላ ያገኘው ግን ጉድጓዶቹን በመዝጋት ብቻ አልነበረም፤ ትንኝ በማያስገባ ክዳን በመሸፈንም ነበር።

የደገሀቡር ቢርካ ከቦምቤይ ጉድጓድ የሚለየው ለሥርዓት ሳይሆን ለነፍስ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ዝጉት የሚል ምክር ከመጀመሪያውም አይነሣም። በርሜልና ባልዲ በሳምንት አንድ ጊዜ ተገልብጠው ሊታጠቡ ይችላሉ፤ በሞቃት አገር ዕጯ ጎልምሳ ለመብረር አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይበቃታልና። ሮቶውን በሚገጥም ክዳንና ቀዳዳውን በወንፊት መሸፈን ይቻላል። ቢርካ ግን አይገለበጥም። ብዙውን ጊዜ ክፍት ነው፣ አለዚያም በእሾህ ቅርንጫፍ ወይም በቆርቆሮ ይሸፈናል፤ ይህ ከብቱን ይከላከላል፣ ትነቱንም ይቀንሳል፤ ትንኟን ግን አያግድም። ለቢርካ የሚያስፈልገው የተፈቀደ የዕጭ ማጥፊያ በተወሰነ ጊዜ መጨመር ነው። ይህ በሰው የመጠጥ ውኃ ውስጥ ኬሚካል መጨመር ማለት ስለሆነ ከሁሉ በፊት የባለ ቢርካውን ፈቃድና እምነት ይጠይቃል። እምነት ደግሞ «ግንዛቤያችሁ ዝቅተኛ ነው» ተብሎ በተነገረው ሕዝብ ዘንድ በቀላሉ አይገኝም። የአገር ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች የሚጠሩበት ስብሰባ መጠይቁ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ሳይጀመር መሆን የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ የሶማሌ ክልል ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚያልፍ የደጋ ባለሙያ ካለ ጅጅጋን መመልከት ይበቃዋል። ጅጅጋ በከፍታዋ ወይና ደጋ ናት፤ ትንኟም ደርሳባታለች። በኋላ በተደረጉ ቅኝቶችም 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በሐዋሳ ተገኝታለች። በርሜልና ሮቶ በደሴም፣ በጎንደርም፣ በአዲስ አበባም በየግቢው አሉ፤ ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣበት ሠፈር ሁሉ የራሱ ትንሽ ቢርካ አለው። እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ለዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት ተደርጓል። የዚህ ጭማሪ ምክንያት ብዙ ነው፤ ግጭትና መፈናቀል፣ የመድኃኒትና የኬሚካል መቋቋም፣ የአየር ጠባይም አሉበት። ሁሉን በአንዲት ትንኝ ማሳበብ ሌላ ስሕተት ይሆናል።

የመጠይቁ ማሻሻያ ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። «ወባ በምን ይመጣል?» ከሚለው በፊት «ዱሞ በዚህ ሠፈር መቼ ይበዛል? በየትኛው ቤት? በዚያ ጊዜ ምን ተለውጦ ነበር? ውኃችሁ ከየት ይመጣል፣ የት ታስቀምጡታላችሁ፣ በስንት ቀን ያልቃል?» የሚሉ ክፍት ጥያቄዎች ሊገቡ ይችላሉ። መልሶቹም በተጠያቂው ቋንቋ፣ እንደተነገሩ ሊጻፉ ይገባል። ጠያቂው ወደ ጓሮ ወጥቶ በርሜሉን ቢያይ፣ በውኃው ላይ በአግድም የተኙ ዕጮች መኖራቸውን ቢመለከት፣ ከመቶ ምልክት የበለጠ ይማራል።

አሁን ባለው ሥርዓት አንዲት የደገሀቡር ነዋሪ «ቦቴው መጥቶ በርሜሉ ከሞላ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ልጆቹ የሚታመሙት» ብትል መልሷ የሚመደብበት ቦታ የለም። «ትንኝ» አላለችም፤ ስለዚህ አላወቀችም። «ቆሻሻ ውኃ» አላለችም፤ ስለዚህ ከተለመዱት ስሕተቶችም አንዱን አልተናገረችም። መዝጋቢው «ሌላ (ይገለጽ)» የሚለውን ያከብባል። የሚገለጽበት ነጥብጣብ መስመር አጭር ስለሆነ «ውኃ» ብሎ ይጽፋል። መረጃው ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ የጽሑፍ መልሶች ወደ ኮድ ይለወጣሉ፤ ጥናቱ ሲታተም በሰንጠረዡ ግርጌ «ሌሎች» ከሚለው ቃል አጠገብ አንድ ቁጥር ይቀመጣል።